የተለገሰ ጣዕም

ቀጭ! አቶ ደምመላሽ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ቆሎውን ቆረጠሙት። የተተከለላቸው ጥርስ ንቅንቅ አላለም።

«ያዘ! ተመስገን!» አሉ፣ እፎይ ብለው።

በዚያ ዘመን የተተከለ ጥርስ ከአጥንት ጋር የሚዋሃደው ከዘመድ አንዱ የምላሱን ጣዕም ለዘለቄታው ሲለግስ ብቻ ነበር። ለጋሹ ማን እንደሆነ ሐኪሞቹ አይናገሩም።

«እሰይ አባዬ! ከገንፎ ተገላገልክ። ብቻ ዙሪያውን በክር ማጽዳት እንዳትሰንፍ» አለች ልጃቸው ትርንጎ፣ ሻይዋን እየጨለጠች።

«አንቺ ደግሞ ከሐኪሙ ባስሽ!»

እየሳቁ የራሳቸውን ሻይ ፉት አሉ። ጨው! ሲያፈሉት ስኳር መስሏቸው ጨው ጨምረውበት ኖሯል።

የትርንጎን ብርጭቆ አዩ፤ ባዶ ነው።

«ትርንጎ... ሻዩ እንዴት ነበር?»

«ይጣፍጣል፣ አባዬ።»

ግንባራቸውን ሳመችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።