ክንድ ለክንድ

የልጅ ልጄን ምን ነክቷት ነው ግራ ክንዷ አልዘረጋ ያላት? የምትሠራው በባህል ማዕከሉ ነው። መሣሪያ ሳይዙ ለነጻነት የተሰለፉትን ሰዎች የእንጨት ምስሎች ትወለውላለች። ምስሎቹ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ቆመዋል፤ የመጨረሻው ክንዱን አጥፎ ተከታዩን ይጠብቃል።

"ለቀልድ ክንዴን አስገባሁለት፣ እማማ" አለችኝ።

"እሰይ፣ ባል አገኘሽ!" ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ክንዷ እንደታጠፈ ቀረ።

ሐኪሙ አጥንቷ ደህና ነው አለ።

"ያምሻል ልጄ?"

"ኧረ ምንም አይሰማኝም።"

ዛሬ ጠዋት ለሥራ ስትነሳ "በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ ቅሪ!" ብዬ ቀኝ ክንዷን በክንዴ ቆለፍኩት። ማንም ሳይነካት የግራ እጅጌዋ ክርኗ ላይ ተጨማደደ፤ ወደ በሩ ተሳበች፤ እኔም አብሬያት።

ዞር ብላ አየችኝ። ቀኝ ክንዷን ከክንዴ ቀስ አድርጋ አላቀቀችና ወጣች።