የድቧ አደራ

የአላስካዋ ቡናማ ድብ ሁለት ልጆቿን ከፎቶ አንሺዋ አምስት እርምጃ ላይ ትታ፣ የምትበላውን ዛጎል ለበስ እንስሳ ልትቆፍር ባሕሩ ወደሸሸበት ጭቃ ወረደች። ፎቶ አንሺዋ ሣሩ ላይ እንደተቀመጠች ካሜራዋን አነሳች፤ ረጅሙ ሌንስ ግን እንዲህ የቀረበ ነገር አያጠራም።

«ድንኳን ደርሼ አጭሩን ላምጣ፤ ስድስት ቀን የጠበቅኩት ለዚህ ነው» ብላ ልትነሳ ስትል፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሽማግሌ አስጎብኚ እጅጌዋን ያዘ።

«ቁጭ በይ ልጄ። ወንዱ ድብ ልጆቿን እንዳይበላባት አደራ ሰጥታን ነው፤ እሱ ሰው ያለበት አይደርስም። ሞግዚት ልጅ ጥላ ትሄዳለች?»

ካሜራውን ጭኗ ላይ አስተኛችው። አንደኛው ልጅ ቦርሳዋን አሽትቶ እዚያው አንቀላፋ። እናትየው አፏ ጭቃ እንደሆነ ተመለሰች፤ ሁለቱንም በየተራ አሽትታ፣ ሰዎቹን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ይዛቸው ሄደች።

«አላመሰገነችኝም» አለች ፎቶ አንሺዋ እየሳቀች።

«ነገም ካመጣቻቸው አመስግናሻለች ማለት ነው። አጭሩን ሌንስ እንዳትረሺ።»