ሁለት ቡድን የተሻማበት ሰው

ልጄ ዊኒ የለችም። ስድስት ዓመቷ ነበር።

«ስማ፣ በሚያዝያ ወር፣ የዝውውር ሰሞን፣ ልጁ ያልታመመበት ተጫዋች አይቼ አላውቅም!»

ይህን ያለኝ ሆልስትሮም ነው... የቶሌዶ ቡድናችን ሥራ አስኪያጅ።

እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል።

እኔ በአሜሪካ እግር ኳስ፣ ኳስ ወርዋሪውን ከሚጠብቁት ግዙፎች አንዱ ነኝ። በእኛ ሊግ ሦስት ዓመት የተጫወተ ሰው ከሌላ ቡድን ጋር መፈራረም ይችላል።

ግን የድሮ ቡድኑ በአምስት ቀን ውስጥ «እኛም ያንኑ እንከፍላለን» ካለ... የትም አይሄድም።

እኔ ከኦማሃ ቡድን ጋር ፈርሜ ነበር።

ዊኒ የምትታከመው ኦማሃ ነበር። ሚስቴ ማርሊስ ሆስፒታሉ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታለች። እኔ ከቶሌዶ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እየበረርኩ አያቸዋለሁ።

ወኪሌ ሩዲ አስጠንቅቆኝ ነበር።

«አፍህን ዝጋ። ሆልስትሮም የምትፈልገውን ካወቀ አለቀልህ!»

አልሰማሁትም። ሆልስትሮምም ሰው ነው ብዬ ሄድኩ።

«ሚስተር ሆልስትሮም፣ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። እባክዎ ይልቀቁኝ... ልጄ አጠገብ ልሁን።»

«ወኪልህ ነው ያስጠናህ? ጎበዝ ነው። እንባ ብቻ ጎደለው።»

በአምስተኛው ቀን፣ ሰዓቱ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው... «እኛም ያንኑ እንከፍላለን» አለ።

ሩዲ እየጮኸ ደወለ። «ሀብታም ሆንክ እኮ!»

ደጋፊው «ታማኙ ልጃችን» እያለ ፎቶዬን ለጠፈ።

የምን ታማኝነት? የታሰረ በሬም በረቱን አይለቅም።

ጥዬ ብሄድስ? ውሉ ይፈርሳል። ውሉ ከፈረሰ የዊኒን ሕክምና የሚሸፍነው ኢንሹራንስም ይቋረጣል። ስለዚህ ቀረሁ።

ነሐሴ ላይ ሞተች። እኔ ልምምድ ላይ ነበርኩ።

መስከረም ላይ ኦማሃዎች ሊገጥሙን መጡ።

ወደ ሜዳ በሚያስወጣው መተላለፊያ የጫማዬን ማሰሪያ ለማጥበቅ ጎንበስ ብያለሁ። ከጥጉ ወዲያ ሆልስትሮምና የኦማሃው ሥራ አስኪያጅ ቤኔዲክ ቆመው ያወራሉ። አላዩኝም።

«ግን የእውነት ፈልገኸው ነበር?» አለ ሆልስትሮም።

«እሱን? ምን ይሠራልኛል! ኪስህን ላራቁት ነው እንጂ። አንተ ለእሱ ስትከፍል ጥሩ ጥሩዎቹን እኔ ልወስድ።»

«አንተ ቀጣፊ!»

«አንተስ ምን አስጨነቀህ? ለምን አስቀረኸው?»

«ለአንተ ልሸነፍ እንዴ? ተጠባባቂ ወንበር ያሙቅልኝ ብዬ ነው።»

ተሳሳቁ። ትከሻ ለትከሻ ተመታቱ።

ሁለቱም አልፈለጉኝም... አንዳቸውም!

ሁለት ሽበታሞች እልህ ተጋብተው ገመድ ጎተቱ። ገመዱ እኔ ነበርኩ። ጫፉ ላይ ደግሞ ልጄ ነበረች።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሆልስትሮም ካሜራ አስከትሎ መጣ። የዊኒ ስም የተጻፈበት ማልያ በመስታወት አስገጥሟል።

«እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» አለ በማይክሮፎን። «ትንሿን ዌንዲን መቼም አንረሳትም።»

ዌንዲ! ስሟ በያዘው ማልያ ላይ ተጽፎ እያለ።

ስድሳ ሺህ ሰው አጨበጨበ። አንዳንዱ ቢራውን እንደያዘ አለቀሰ።

እኔ መስታወቱን ተቀበልኩ። የዘረጋውን እጁን ግን አልጨበጥኩም። ይህችን ካሜራው አላሳየም።

ወዳጆቼ፣ ሰው ስለተሻማብህ ወደደህ ማለት አይደለም። ጅብም በአጥንት ይሻማል። ደግሞም ጭንቀትህን በሰው ለሚነግድ ሰው አትንገር... ዋጋ ያወጣለታል።

ጨዋታው አልቆ መኪና ማቆሚያው ጋ ስደርስ ማርሊስ ደወለች።

«ኦማሃዎቹን አገኘሃቸው?»

«አየኋቸው።»

«ታውቃለህ... ሌሊት እንቅልፍ የሚወስደኝ እነሱን ሳስብ ነው። ቢያንስ አንድ ሰው ከዊኒ ጋር እንድትሆን ፈልጎ ነበር እላለሁ። ቢያንስ አንድ በር ተከፍቶልን ነበር።»

የመኪናዬን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ።

«ልክ አይደለሁም?»

«ልክ ነሽ» አልኳት። ስልኩንም ዘጋሁ።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ... እውነቱን ትነግሯት ነበር?