የገበየሁ መስመር

"ሞልቷል፤ ባዶ መስመር የለም" አለች የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ አስካለ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ።

የከተማው የነዋሪዎች መዝገብ ከሞላ ዓመታት አልፈዋል። ሕፃን የሚመዘገበው ሟች ተሰርዞ በሚቀረው ባዶ መስመር ላይ ብቻ ነው፤ አዲሱ ስም ሲጻፍበት የሟቹ ድምፅና ፎቶ ከቤቱ ሁሉ ይጠፋል። ያልተመዘገበ ሕፃን ደግሞ ክሊኒክ አይቀበለውም።

"እትዬ፣ በፈጠረዎት! ከትናንት ጀምሮ ጡት እምቢ ብሏል። እስቲ ይንኩት" አለች ከመስኮቱ ማዶ ሕፃን ያቀፈች እናት።

አስካለ መንካት አልፈለገችም። እናትየዋ ግን የሚያለቅሰውን ሕፃን በመስኮቱ አሾልካ አሳቀፈቻት። እንደ ፍም ይፋጃል።

አንድ ባዶ መስመር ነበረ። ባሏ ገበየሁ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ መስመሩን ማንም እንዳያገኘው የቆለፈችው ራሷ ናት። ቤቷ በገባች ቁጥር በሩ በተቀረጸው የእሱ ድምፅ "አስኩ፣ ጫማሽን አውልቂ እንጂ!" ይላታል። በሕይወት ሳለ ይሄ ንዝንዙ እርር ድብን ያደርጋት ነበር።

ሕፃኑ ማልቀሱን አቆመ። ዝምታው ከለቅሶው ይበልጥ አስደነገጣት።

"ስሙን ማን ልበለው?" አለች አስካለ፤ የገበየሁንም መስመር ከፈተችው።

"ይትባረክ።"

ጻፈችው። እናትየዋ ልጇንና ወረቀቷን ተቀብላ፣ ምርቃቷን ሳትጨርስ ወደ ክሊኒክ በረረች።

አስካለ ከሥራ ተመልሳ በሯን ከፈተች። በሩ ምንም አላለም። ደፉ ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ብዙ ጠበቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ማንም ሳይላት፣ ጫማዋን አወለቀች።