አማት የሌሉበት አንጎል

ማጅራት ገትሩ ቢለቀውም የጋሻነው የአንጎል ደም ሥሮች ተቆጥተው አብጠዋል። በዚያ ዘመን ሐኪም የተቆጣ ሥር የሚያበርደው ከበሽተኛው ትዝታ አንዱን አጥፍቶ ነው፤ የቱ ይጥፋ የሚለውን የሚመርጠው በሽተኛው ነው።

«የአማቴ ፊት ይጥፋልኝ» አለ ጋሻነው ሳያመነታ፤ «ድንገት ባያቸው እንኳ እንዳላውቃቸው አድርገኝ።»

ሚስቱ ውዳላት በክርኗ ጎሸመችው፤ ሐኪሙም ሳቀ።

ጋሻነው ድኖ ለዓመታት ተመቸው። አማቱ በመጡ ቁጥር እንደ አዲስ ይተዋወቃቸዋል፤ ይባስ ብሎ ወደዳቸው። እሳቸውም ዕድሜ ጠግበው አረፉ።

አንድ እሑድ ውዳላት ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። ዕድሜ ቁርጥ እናቷን አድርጓታል። ጋሻነው ገና ሲያያት ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ኖር፣ እናቴ። አረፍ ይበሉ፤ ውዳላት አሁን ትመጣለች።»

«በእግዜር» አለች ውዳላት፣ እናቷ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ ቀስ ብላ እየተቀመጠች።