ጣሊያን ያልተሸከመው ድንጋይ

«ይህ ሰው ከጣሊያን በምን ይለያል?» ስትል ባሏ የሞተባት ካሣነሽ፣ ከጥዱ ሥር ለሽምግልናው የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወደ ሟቹ ባሏ ወንድም ዞረ። ከሽማግሌዎቹ መሐል አያ ቀለመ ወርቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣሊያን ቤታቸውን ሲያቃጥል እናታቸው ውስጥ ነበሩ።

«የገብስ ክምሯን በንዴት ማቃጠሌን አልካድሁም» አለ የሟቹ ወንድም። «በጣሊያን መመሰል ግን አይገባኝም። ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቀኝ።»

አያ ቀለመ ወርቅም ልባቸው ወደዚያው አደላ። ክምር ሌላ፣ እናት ሌላ። ድንጋይ አንሥተው ወደ እሷ ሲራመዱ ካሣነሽ የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና የከሰለ ገብስ እፍኝ ሙሉ አሳየቻቸው።

«የልጆቼ የዓመት ቀለብ ይኸው ነው» አለች።

ጥቂት ፍሬ አንሥተው አሸተቱ። ሽታውን ያውቁታል። ቤታቸው በተቃጠለ ቀን ከጎተራቸው የወጣው ሽታ ነበር። ቀስ ብለው ወደ ሰውየው ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ ጣሊያን አይደለህም» አሉት። «ጣሊያን አቃጥሎ ሄደ፤ ይቅርታ ሊጠይቀን የመጣ አንድም የለም። አንተ ግን እዚሁ አለህ።»

ድንጋዩን ዘረጉለት። ሰውየው ወደ ካሣነሽ ዞረና ማጅራቱን ዝቅ አደረገ።