ሚስተር ኢድዋል ሶኬቱን የነቀሉ ቀን

"አቁም! አቁም አልኩህ!"

ሽበታሙ መምህር ኮምፒውተሩ ላይ ጮኹበት...

ኮምፒውተሩ ግን ወይ ፍንክች! በጻፉት ፕሮግራም የተማሪዎቻቸው ስም ስክሪኑ ላይ ያለማቋረጥ ይወርዳል... ካዶግ፣ ማይር፣ ካዶግ፣ ማይር...

በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ሶኬቱን ነቀሉት።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

"አባባ፣ ወደ ካርታዎ ይመለሱ!" አለ አንዱ ሰልጣኝ።

ሚስተር ኢድዋል ይባላሉ። እዚህ ዌልስ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል።

የትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር መምህር ሲለቅ፣ ዳይሬክተሯ "ሰው ካልተገኘ ክፍሉ ይዘጋል" አለች።

ማንም እጁን አላወጣም... በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው እሳቸው አወጡ።

ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲው ቅዳሜ ቅዳሜ ለእኛ ለመምህራን የሚሰጠው ስልጠና ላይ የተገኙት።

አሰልጣኛችን ዶክተር ኔሪስ ሳቁን አስቆመችው። ግን አንድ ሰው ቀርጿቸው ነበር...

እሁድ ቪዲዮው ተለቀቀ። "ልጆቻችሁን ኮምፒውተር የሚያስተምሩት እኚህ ናቸው 😂"

ሰኞ ተማሪዎች ኮሪደር ላይ "አቁም! አቁም!" እያሉ ተቀበሏቸው። ወላጆች ለዳይሬክተሯ ደወሉ።

ቅዳሜ ይቀራሉ ስንል... መጡ! እንደ ሁልጊዜው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ዶክተር፣ ስህተቴ ምን ነበር?"

"አንድ መስመር ብቻ ነው የረሱት። የት እንደሚቆም አልነገሩትም።"

በሁለት ጣት እየለቀሙ ጻፉት። ስሞቹ አንዴ ወርደው ቆሙ... ሰውየው እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

ረቡዕ ዳይሬክተሯ ክፍሉን ነጠቀቻቸው። ተተኪ አልተገኘም። አስራ አንዱም ተማሪዎች ወደ ሌላ ትምህርት ተበተኑ።

ሚስተር ኢድዋል በወሩ ሥራቸውን ለቀቁ።

ዶክተር ኔሪስን ሊሰናበቱ ሲመጡ በር ላይ አገኙኝ።

"ልጄ፣ ማን እንደቀረፀኝ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ይሁን... አንቺን ግን አልረሳሽም። ያን ቀን ያልሳቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ።"

እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ።

እውነታቸውን ነው... አልሳቅኩም።

ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን ይዤው ነበር... ድምፄ ቪዲዮው ውስጥ እንዳይገባ!

ወገኖቼ፣ ሊማር የተቀመጠ ሰው ሲሳሳት ስልካችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። እኔ በሃያ ሰከንድ ቪዲዮ የአስራ አንድ ልጆችን ክፍል ዘግቻለሁ... የአንድ ሰው አንገት አስደፍቻለሁ።

እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

እናንተ ብትሆኑስ? እውነቱን ትነግሯቸዋላችሁ... ወይስ "አንድ ያልሳቀ ሰው ነበር" ብለው እንዲኖሩ ትተዋላችሁ?

ኮሜንት ላይ ፍረዱኝ 👇